ዘጠኝ ቋጠሮ ያለው ክር

በዚያ ሆቴል የክፍሎቹ ቁጥር የተጻፈው ከበሩ በላይ፣ ግድግዳው ላይ ነበር። ነጭ ቀለም ነው፤ በእጅ የተጻፈ፣ ቀና ካላሉ የማይታይ። እኔ አልጋ አንጣፊ ሆኜ የተቀጠርኩ ዕለት አንድ ጊዜ አየኋቸውና ተውኳቸው። ዓይን ያለው ሰው አንድ ሌሊት ካደረ በኋላ ክፍሉን በቁጥር አይፈልግም፤ እግሩ ያውቀዋል።

ሆቴሉ ደብረ ብርሃን፣ ወደ ደሴ በሚሄደው መንገድ ዳር ነው። የደብረ ሲናን ዳገት የወጡ የጭነት መኪና ሾፌሮች እጃቸውን እያፋተጉ የሚገቡበት ቤት ነበር። ከባለቤቱ ከተወረሰ ወዲህ ደግሞ ስብሰባ ያለበት የመንግሥት ሰው ሁሉ ያርፍበታል። እኔ የአንኮበር ልጅ ነኝ፤ አባቴ ቄስ ነበር። ሥራውን ያስገኘችልኝ የአልጋ ልብስ ክፍል ኃላፊዋ ናት። በዕድሜ ታላቄ ስለሆነች እትዬ እላታለሁ። ከጓሮ ባለችው ክፍሏ አስጠጋችኝ፤ የእመቤታችን ማኅበር ውስጥም አስገባችኝ። በወር በወሩ ከአንድ ጽዋ እንጠጣለን። እሑድ እሑድ የተቀደደ አንሶላ አብረን ስንጥፍ ያልነገርኳት ነገር አልነበረም። ዛሬ ድሬዳዋ በሙቀቱ ተቀምጬ ይህን ስጽፍ የዚያን ጊዜውን ብርድ ረስቼዋለሁ፤ ያ አንሶላ ስንጥፍ የማወራው ወሬ ግን አንዱም አልጠፋኝም።

በሦስተኛው ዓመቴ፣ ጦር ሜዳ ላይ ዓይናቸውን ያጡ ወደ ሃያ የሚሆኑ ወታደሮች መጡ። ከመንገዱ ማዶ ባለ ግቢ መጥረጊያና ምንጣፍ መሥራት ይማራሉ፤ ማደሪያቸው እኛ ጋ ሆነ። የግራው ክንፍ ተሰጣቸው። አንድ ረጅም ኮሪደር፣ በአንድ ወገን ጎዶሎ ቁጥር ያላቸው ክፍሎች፣ በሌላው ወገን ሙሉዎቹ፣ በጠቅላላው አሥራ ሁለት። በሮቹ ሁሉ አንድ ዓይነት፣ እጀታዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት። ሽንት ቤቱ ከኮሪደሩ መጨረሻ ነው። ሁለት ሁለት ሆነው አሥሩን ክፍል ያዙ፤ ሰባትና አሥራ አንድ ባዶ ስለቀሩ እንግዳ ሲበዛ ለመንገደኛ ይከራያሉ።

ሰዎቹ ክፍላቸውን የሚያገኙት በሮችን በመዳፋቸው እየቆጠሩ ነበር። ከሽንት ቤቱ ሲመለሱ የመጀመሪያው በር አሥራ አንድ፣ ሁለተኛው ዘጠኝ፣ እንዲህ እያሉ። ይህን ለማወቅ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ፤ ያወቅሁትም በጥፋቴ ነው።

ዘጠኝ ቁጥር ውስጥ አንድ አሥር አለቃ ነበር፤ ቀጭን፣ ሹራቡን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ፣ ሲናገር ድምፁን የማያነሳ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አሥራ አንድ ቁጥርን ላናፍስ በሩን ወለል አድርጌ ትቼ ውሃ ልቀዳ ወጣሁ። አሥር አለቃው ከሽንት ቤት ሲመለስ እጁ የአሥራ አንድን በር አላገኘውም። ዘጠኝን አንድ ብሎ ቆጠረ፤ ሰባትን ሁለት ብሎ ከፈተ።

ሰባት ውስጥ ሚስቱን ለማሳከም ከአሊዩ አምባ የመጣ ነጋዴ ነበር። ሴትዮዋ ለሶላት ልትታጠብ ፀጉሯን ገልጣ ቆማለች። ጩኸቷን ሰምቼ ስሮጥ ባልየው አሥር አለቃውን ከግድግዳው ጋር አጣብቆ፣ የሰው ሚስት ላይ በር መክፈት ማን አስተማረህ እያለ ይንጠዋል። ዓይኑን ሲያየው እጁ ወደቀ። አስተግፊሩላህ እያለ አልጋው ላይ አስቀመጠው፣ ጉልበቱን ይዞ ይቅርታ ለመነው፣ ማታውንም የራት ግብዣ ላከለት። አሥር አለቃው ግን ያን ራት አልበላም።

ከዚያ በኋላ የአልጋው ራስጌ ላይ የማስቀምጥለትን ሻይ እንደሞላ አገኘዋለሁ። ውሃውንም እንደዚያው። ታሞ እንደሆነ አብሮት የሚያድረውን ጠየቅሁት። የለም፣ ሽንት ቤት እንዳያስኬደው ከምሳ በኋላ ምንም አይጠጣም አለኝ። ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ነበር። በሩን የተውኩት እኔ ስለሆንኩ ነገሩ በደም ሥሬ ገባ።

አንኮበር፣ ከአባቴ ግቢ ጥግ ላይ አንድ የዜማ መምህር ይኖሩ ነበር፤ የኔታ እንላቸዋለን። ዓይነ ስውር ናቸው። ከጎጇቸው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር በወገብ ቁመት የቃጫ ገመድ ተዘርግቶላቸው ነበር፤ ደረጃ ያለበት ቦታ አንድ ቋጠሮ፣ መታጠፊያው ላይ ሁለት፣ በሩ ላይ ሦስት። ገመዱ በዝናብ ሲበሰብስ አዲሱን የምቋጥረው እኔ ነበርኩ። እንዳይላላ ሦስት ጊዜ እየጠመጠምኩ፣ አንዱን በአብ፣ አንዱን በወልድ፣ አንዱን በመንፈስ ቅዱስ እያልኩ እንድቋጥር ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ያ ገመድ ትዝ አለኝ።

ለእትዬ ነገርኳት፤ ደስ አላት። ሥራ አስኪያጁ ዘንድ አብረን ገባን። እሱም ሰምቶ፣ መልካም ነው፣ አድርጉት፣ ወረቀት ግን አልፈርምም አለ። ከመዘዞ ሴቶች የባና ክር ገዛን፣ ጥቁሩን የበግ ጠጉር። ጥቁሩን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ነጩ በእጅ ብዛት ቶሎ ይቆሽሻል፤ አጣቢዋም እኔው ነኝ። ከዚያ ያለፈ አላሰብኩም።

አንድ እሑድ ቁጭ ብለን ቋጠርን። በየእጀታው ላይ አንድ አንድ ክር ይንጠለጠላል፤ የቋጠሮው ብዛት የክፍሉ ቁጥር ነው። ከአምስት በላይ ሲሆን ለጣት ቀላል እንዲሆን ከአምስተኛው በኋላ ትንሽ ባዶ እንተዋለን፤ ዘጠኝ ማለት አምስት፣ ክፍተት፣ ከዚያ አራት። ለሽንት ቤቱ በር የበግ ለምድ ቁራጭ በሚስማር መታን። ከአንድ እስከ ስድስት እትዬ ሠራች፣ ከሰባት እስከ አሥራ ሁለት እኔ። እሷ አንዴ አዙራ ትስበዋለች፤ እኔ እንደለመድኩት ሦስቴ እየጠመጠምኩ ወደኋላ ቀረሁ። አይታኝ ሳቀች።

«አንቺስ ክር የምትቋጥሪ አትመስይም፤ ክርስትና የምታነሺ ነው የሚመስለው» አለችኝ።

ያን ዕለት ነው ስለ የኔታ የቀረውንም የነገርኳት። እሳቸው ካረፉ በኋላ የሰፈሩ ሰው፣ ደብተራው ድግምት ነበራቸው፣ ቋጠሮውም ለዚያ ነው ብሎ አወራ። ሴቶች በገመዱ ሥር ማለፍ ትተው ዙሪያ ጥምጥም መሄድ ጀመሩ። አባቴ ወሬው አንገበገበውና ገመዱን ጠቅልሎ ከመቃብራቸው ጎን ቀበረው። ይህን ከአባቴ ቤት ውጪ ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር። እትዬ መቋጠሯን አቁማ አዳመጠችኝ፣ እጄንም ጨበጠችኝ።

ክሩ ሲሰቀል ሰዎቹን በሩን በእጃቸው የሚያሳያቸው ያስፈልግ ነበር። እኔ ያላገባሁ ሴት ነኝ፤ የወንድ ጣት ይዤ ኮሪደር ውስጥ መቆም አፈርኩ። እትዬን ለመንኳት፤ እሷ እያንዳንዱን እየያዘች አስቆጠረቻቸው። እኔ ባልዲዬን ይዤ በአጠገባቸው እያለፍኩ እሰማለሁ። በሁለተኛው ቀን አሥር አለቃው ብቻውን ወጣ፣ ለምዱን ዳሰሰ፣ ገባ፣ ሲመለስ የአሥራ አንድን ክር ነክቶ አለፈ፣ የራሱን ቆጠረ፣ ገባ። እኔ ከማዶ ደጃፍ ቆሜ አየው ነበር። በማግስቱ የሻይ ብርጭቆውን ባዶ አገኘሁት። ከዚያ በኋላ ሁለተኛ ብርጭቆ ያስጨምር ጀመር። እርስ በርሳቸውም ይቀልዱ ነበር፤ አንዱ ኮሪደሩ ላይ ከቆየ፣ ምነው ዳዊት እየደገምክ ነው ወይ ይሉታል።

እንዲህ ሆኖ ሁለት ወር ያህል ሄደ።

ከዚያ ከክፍለ ሀገሩ ጽሕፈት ቤት አንድ ተቆጣጣሪ መጣ። የቀኙ ክንፍ ሞልቶ ነበርና ሰባት ቁጥር ተሰጠው። ሻንጣውን ዘበኛው ተሸክሞለት ነበር የሄደው፤ ስለዚህ ያየውን እሱ ነው ያወራልን። ተቆጣጣሪው እጀታውን ሊይዝ ሲል ጥቁሩን ክር አየው። ቋጠሮዎቹን በዓይኑ ቆጠረ። ሰባት። ዘበኛው እንዳለው ሰውዬው ሦስት ጊዜ አማተበና ያማተበበትን እጁን ወዲያው ኪሱ ከተተው። ክፍሉ ይቀዘቅዛል፣ ሌላ ይሰጠኝ አለ። አሥራ አንድ ቁጥርን ከፈቱለት፤ እዚያም ክር አለ፤ እሱም አሥራ አንድ ቋጠሮ። ሻንጣውን ተቀብሎ ሌላ ሆቴል ሄደ። በየስብሰባው እግዚአብሔር የለም እያለ የሚያስተምር ሰው ነው፤ ዘበኛው በር ላይ የተቋጠረ ጥቁር ክር እንዴት እንዳስሮጠው እያስመሰለ ሲያሳየን እኔም ስቄ ነበር። ምነው ባልሳቅሁ።

መተት ፈራሁ ማለት አይችልም። ስለዚህ ክሩን ጸረ አብዮት የሆነ አጉል እምነት ነው አለ።

በሳምንቱ ሐሙስ የሠራተኛው የሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ በምግብ አዳራሹ ተጠራ፤ ተቆጣጣሪውም ከፊት ተቀመጠ። ክሩ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፣ ከሰባት ቁጥር የተቆረጠው። የማን ሥራ እንደሆነ ተጠየቀ። ተነስቼ የእኔ ነው አልኩ፤ ምን እንዳገለገለም አስረዳሁ። ማን አብሮሽ ነበር ሲሉኝ ዝም አልኩ። እትዬ ራሷ ትነሳለች ብዬ ነው። የእሷን ስም ከእኔ አፍ ማውጣት ነውር መሰለኝ። ሥራ አስኪያጁን አየሁት፤ ማስታወሻው ላይ አጎንብሶ ይጽፋል። ማን እንደፈቀደ ቢጠየቅ አላስታውስም አለ፤ ይህንንም ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሳ ነው ያለው።

ክሩ ለዓይነ ስውራን ከሆነ ለምን ጥቁር ሆነ፣ ለምንስ ሦስት ሦስቴ ተጠመጠመ ብሎ ተቆጣጣሪው ጠየቀ። ያን ጊዜ እትዬ እጇን አወጣች። ልቤ አረፈ። የሚያውቅ ሰው ሊናገርልኝ ነው ብዬ ቁጭ አልኩ።

«ጓዶች፣ እኔ ክሩን ያየሁት እንደ ማንኛችሁም በር ላይ ተንጠልጥሎ ነው» አለች። «ይህቺ ልጅ አንኮበር ያደገችው ከደብተራ ጋር ነው። ሰውዬው በድግምት የሚታወቅ ነበር፤ ቋጠሮውን ያስተማራት እሱ ነው። የሰፈሩ ሰው እንኳ በገመዱ ሥር አያልፍም ነበር። ራሷ ነች የነገረችኝ።»

አንዲት ቃል አልዋሸችም ማለት ይቻላል፤ ክሩን በር ላይ ነው ያየሁት ከሚለው በቀር። ያቺን የእሑድ ወሬ ከነስፌቷ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ከክሩ ጎን አስቀመጠቻት። ዞሬ አየኋት። ነጠላዋን እያስተካከለች ነበር። እኔ ምንም አልተናገርኩም። የምናገረው ጠፍቶኝ አይደለም፤ ከአንድ እስከ ስድስት ያሉት ቋጠሮዎች የእሷ እንደሆኑ አምጥቼ ማሳየት እችል ነበር። የኔታ እንዲያ ሲባሉ ከሰማሁ በኋላ ግን ስለ ቋጠሮ መከራከር አስጠላኝ። በኋላ፣ ወንድሟ ታስሮ ነበርና ፈርታ ይሆናል ያሉኝ ሰዎች አሉ። ይሆናል። ያኔ ግን ብታስጠነቅቀኝ፣ ቢያንስ ዝም ብትል፣ እያልኩ ነው ዓመታት ያለፉት።

ውሳኔው ሁለት ነበር፤ ግለ ሂሴን በጽሑፍ እንዳቀርብ፣ ክሮቹንም በማግስቱ ራሴ እንድቆርጥ።

ጠዋት መቀስና ቅርጫት ይዤ ከአንድ ቁጥር ጀመርኩ። የእትዬ ቋጠሮዎች ቀጭን ናቸው፤ ቶሎ ተቆረጡ። ዘጠኝ ጋ ስደርስ አሥር አለቃው የመቀሱን ድምፅ ሰምቶ በሩን ከፈተ። ምን እየቆረጥሽ ነው አለኝ። ታዝዤ ክሩን እያነሳሁ እንደሆነ ነገርኩት። እጁን ወደ እጀታው ሰደደ፤ ገና አልቆረጥኩትም ነበር። አምስቱን ቆጠረ፣ አራቱን ቆጠረ።

«እትዬ ስትሰማ ታዝናለች» አለ። «ይህን ያሰበችልን እሷ ናት። እኔ አሰብኩላችሁ ብላ በእጃችን ያስቆጠረችን እሷ ናት።»

መቀሱ እጄ ላይ ቀረ። ባልዲዬን ይዤ በአጠገባቸው ሳልፍ ይህን አልሰማሁም ነበር፤ ወይም ጆሮዬ አልፎታል። ምስጋናውን ወስዳ፣ ነቀፋውን ለእኔ ትታ ነበር። ስብሰባው ላይ ካለችው ሁሉ የከፋኝ ይኸኛው ነው። ያኛው በፍርሃት ይሆናል፤ ይህን ስትል ማንም አላስፈራራትም።

የእኔን ክር ስጪኝ አለ። ቆርጬ መዳፉ ላይ አኖርኩለት፤ ጠቅልሎ የሹራቡ ኪስ ከተተው።

ሥራ አስኪያጁ ደግሞ እንዳይወቀስ ነው መሰል ሰዓሊ አስጠራ። ሰዓሊው ሁለት ቀን ሙሉ ደክሞ በነጭ ሰሌዳ ላይ በቀይ ቀለም፣ ከላይ ኮከብ አድርጎ፣ «የዓይነ ስውራን ጓዶች ክፍሎች ወደ ግራ» ብሎ ጻፈ። ሰሌዳው መግቢያው ላይ በሰው ቁመት ልክ ከፍ ብሎ ተሰቀለ። ሰዎቹ ከትምህርት ሲመለሱ የቀለሙ ሽታ ሸተታቸውና ምንድን ነው ብለው ዘበኛውን ጠየቁ። አነበበላቸው፤ «እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ እንዳትጠፉ» አላቸው። እርስ በርስ ተደጋግፈው እስኪደክማቸው ሳቁ። አሥር አለቃው አልሳቀም። ሰሌዳው ሥር ቆሞ ግራው በየት በኩል እንደሆነ ጠየቀ፤ እትዬ መጥታ ክንዱን ያዘችለት። ከዚያን ቀን ጀምሮ የምታደርሳቸውና የምትመልሳቸው እሷ ሆነች። የሻይ ብርጭቆው እንደገና እንደሞላ ይጠብቀኝ ጀመር።

የወሩ ሃያ አንድ ደረሰ፤ የማኅበሩ ተረኛ እትዬ ነበረች። በዚያ ዘመን መስኮት ዘግተን፣ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ነው የምንሰበሰበው። ጽዋው ከመዞሩ በፊት የማኅበሩ ሙሴ፣ መሪያችን ሽማግሌው፣ እንደ ወትሮው የተቀያየመ ካለ ይናገር፣ በቂም ጽዋ አይጠጣም አሉ። እትዬ ዳቦውን እየቆረሰች ነበር፤ ቢላዋዋ ቆመ። ብናገር ነገሩ ከዚያ ቤት ይወጣል፣ ማኅበሩም እኔ ላይ እንደደረሰው ይደርስበታል ብዬ ፈራሁ። ዝም ብዬ ብጠጣ ደግሞ እመቤታችን ታያለች። ጽዋው ሲደርሰኝ ሆዴን አሞኛል ብዬ ለቀጣይዋ አሳለፍኩ። በዚያ ቤት የተናገርኩት የመጀመሪያ ውሸት ነው። እትዬ ገባት፤ ዳቦዬን ከሌላው ሁሉ አስበልጣ ቆረሰችልኝ። ንስሐ አባቴ ዘንድ ውሸቱን ተናዝዣለሁ፤ ቂሙን ግን ገና አልጨረስኩትም።

የዝውውር ደብዳቤዬ በሁለት ሳምንት ውስጥ መጣ፤ ድሬዳዋ ሆቴል የሰው እጥረት አለ ይላል። ለመሄድ በተነሳሁበት ጠዋት ሻንጣዬን ዘበኛው ጋ ትቼ ዘጠኝ ቁጥርን አንኳኳሁ። አሥር አለቃው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል፤ የማታው ብርጭቆ ራስጌው ላይ ሞልቶ ቆሟል። ልሰናበትህ ነው አልኩት። አልጋ አንጣፊዋ ነሽ አለኝ፤ ድምፄን ያውቀዋል፣ ሌላ ነገር ግን ስለ እኔ አያውቅም። ሩቅ ወሰዱሽ፣ ምን አጠፋሽ ብሎ ጠየቀኝ። ሁሉንም ልነግረው አፌን ከፍቼ ነበር። ክሩን ያሰብኩት እኔ ነኝ፣ ያስቆረጠችው እሷ ናት፣ ልለው። ግን አሁን ከዚህ በር እስከዚያ በር የሚያደርሰው የእሷ ክንድ ብቻ ነው። ይህን ብነግረው ያን ክንድ አይዝም፤ ኩሩ ሰው ነው። አሁን የሚተወው የከሰዓቱንና የማታውን ነው፤ ያኔ የጠዋቱንም ሳይነካ ይውላል። ሰው አነሰ ብለው ነው አልኩት።

ኪሱን ዳበሰና ክሩን አወጣ። በጣቱ አምስቱን አለፈ፣ ባዶው ላይ ቆየ፣ አራቱን አለፈ።

«ይህን ለእትዬ ልስጣት አስቤያለሁ» አለ። «ለእኔ አሁን አይሠራም። እሷ ግን የደከመችበት ነው፤ ማስታወሻ ይሆናታል። አይመስልሽም?»

ክሩን አየሁት። ዘጠኙም ሦስት ሦስቴ የተጠመጠሙ ናቸው። እትዬ እንደዚያ አድርጋ አንድም ቋጥራ አታውቅም፤ ስቃብኛለች። መዳፏ ላይ ሲያርፍ የማን እጅ እንደቋጠረው ማንም ሊነግራት አያስፈልግም።

«ስጣት» አልኩት። «በእጇ አስቆጥራት።»